ያላየነውን አንጻፍ፦ የሮበርት ኮክ ሕይወትና የላብራቶሪ ጠረጴዛችን



በዚህ ሴሚስተር መግቢያ ማይክሮባዮሎጂ የምንወስድ ብዙዎች ነን። የጤና ተማሪዎች አለን፣ የባዮሎጂ አለን፣ የእንስሳት ሕክምናና የምግብ ሳይንስም አለን። ሌክቸሩን ተከታትለን፣ ማስታወሻ ይዘን፣ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋን ለብሰን ላብራቶሪ እንገባለን። እህቶቻችን በርነሩ ከመለኮሱ በፊት የሒጃባቸውን ጫፍ በጋዋናቸው ውስጥ ያስገባሉ፤ ወንድሞች እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ከዚያ ሉፑን እሳት ላይ አግሎ፣ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቆ፣ ከናሙናው ቆንጥሮ ሚዲያው ላይ መጫር ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ክዳኑን ስንከፍት የምናገኘው ግን ሁልጊዜ የጠበቅነውን አይደለም። ተለያይተው የተቀመጡ ክብ ኮሎኒዎች ይኖራሉ ብለን ስንጠብቅ አረንጓዴ ሻጋታ ሚዲያውን ሸፍኖት እናገኛለን። ሪፖርቱ በነጋታው ይገባል። የጎረቤት ግሩፕ ፔትሪ ዲሽ ደግሞ አምሮበታል። ያን ጊዜ ወደ ልብ የሚመጣውን ሐሳብ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የእነሱን ውጤት ገልብጦ፣ ቁጥሩን ትንሽ ለወጥ አድርጎ፣ የራስ አስመስሎ ማስገባት። ማን ያውቃል? እኛም የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ከዚህ ነገር ንጹሕ ነን ብለን አንምልም።

ስለዚህ በዚህ ወር የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን ያንን የላብራቶሪ ጠረጴዛ ከማንም በላይ የሠራውን ሰው ልናወጋችሁ ፈለግን። ሮበርት ኮክ ይባላል። ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ሙስሊም አይደለም። በዚህ ዓምድ እንደ አቡበክር አር-ራዚ ያሉ ሊቃውንትን ማንሳት ይቀናናል። አር-ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለየብቻ አድርጎ የጻፈ ሐኪም ነው። የግራናዳው ኢብኑል ኸጢብም በ14ኛው መቶ ዘመን ወረርሽኝ ጊዜ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በልምድና በዓይን የታየ ነገር ነው ብሎ ተከራክሯል። እነሱ የጀመሩትን ጥያቄ፣ ማለትም አንዱን በሽታ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይተላለፋል የሚለውን፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በዓይን በሚታይ ማስረጃ ከመለሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኮክ ነው። ጠቃሚ ዕውቀት ደግሞ ከየትም ቢገኝ ይወሰዳል። ከሕይወቱ የምንማረው በሁለት በኩል ነው፤ ከጥንካሬውም ከስህተቱም። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማዕድን ከተማው ልጅ

ሮበርት ኮክ ዲሴምበር 11 ቀን 1843 በጀርመን ሃርዝ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው የማዕድን ከተማ ክላውስታል ተወለደ። አባቱ የማዕድን ሥራ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ቤተሰቡም ብዙ ልጆች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው በጋዜጣ ፊደል እየለየ ብቻውን ማንበብ ተምሮ ወላጆቹን እንዳስገረመ ይነገራል።

በ1862 ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገባና ሕክምና አጠና። ከመምህራኑ አንዱ የአናቶሚው ሊቅ ያኮብ ሄንለ ነበር። ሄንለ ተላላፊ በሽታዎች የሚመጡት ሕይወት ካላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ነው የሚል ሐሳብ በ1840 አሳትሟል። በዚያን ጊዜ ብዙው ሐኪም በሽታን ከመጥፎ አየርና ከብስባሽ ሽታ ጋር ነበር የሚያያይዘው። የሄንለ ሐሳብ ሐሳብ ሆኖ ቆየ፤ ማስረጃ ያመጣለት ሰው አልነበረም። ኮክ በ1866 በሐኪምነት ተመረቀ፣ በቀጣዩ ዓመት ኤሚ ፍራትስን አገባ፣ ሴት ልጅም ወለዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው የታዋቂ ሳይንቲስት ኑሮ አይመስልም። ሥራ ፍለጋ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው ተዘዋወረ። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት በፈቃደኝነት በሐኪምነት አገለገለ። በ1872 ቮልስታይን በተባለች፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው የለም፣ ቤተ መጻሕፍት የለም፣ አብሮት የሚመራመር ባልደረባ የለም። ያለው በሽተኛ፣ ገበሬና ከብት ነው።

ባለቤቱ ማይክሮስኮፕ ሰጠችው። ከዚያ ውጭ ያሉትን መሣሪያዎች በሙሉ ራሱ አሟላ። ላብራቶሪው የሚኖርበት ባለ አራት ክፍል ቤት ነበር። መሣሪያ ጎደለን፣ ሚዲያ አለቀ፣ ማይክሮስኮፑ ለአምስት ሰው አንድ ነው እያልን ስናማርር ይህን ቤት ማስታወስ አይከፋም።

አባ ሰንጋ

በቮልስታይን ዙሪያ በጎችና ላሞች በአባ ሰንጋ ያልቁ ነበር። በሞቱት ከብቶች ደም ውስጥ እንደ ቀጭን ዱላ ያሉ ነገሮች እንደሚታዩ ከኮክ በፊት ፖሌንደር፣ ራየርና ዳቬን አይተዋል። ጥያቄው እነዚህ ዱላዎች የበሽታው መንስኤ ናቸው ወይስ በሽታው ያመጣቸው ውጤት ናቸው የሚለው ነበር። አብሮ መገኘት መንስኤ መሆን አይደለምና።

ኮክ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። በአባ ሰንጋ ከሞተ ከብት ጣፊያ ደም ወስዶ በእንጨት ስንጣሪ አይጥ ወጋ። አይጧ ሞተች። ከጤነኛ ከብት ጣፊያ ወስዶ ሌላ አይጥ ወጋ፤ ምንም አልሆነችም። ዛሬ በሪፖርታችን ኮንትሮል ብለን የምንጽፈው ይህ ነው። ኮንትሮል የሌለው ሙከራ ምንም እንደማያረጋግጥ ኮክ በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ገብቶት ነበር።

በዚህ አላቆመም። አይጧን የገደላት ዱላው ነው ወይስ ከደሙ ጋር አብሮ የገባ ሌላ መርዝ? ይህን ለመለየት ባክቴሪያውን ከደም ውጭ ማሳደግ አለበት። ከበሬ ዓይን ውስጥ የሚገኘውን ጥርት ያለ ውኃ ወስዶ በቀጭን መስታወት ላይ ጠብታ አንጠልጥሎ በዚያ ውስጥ አሳደገው። ዱላዎቹ ሲረዝሙ፣ ሲከፋፈሉ፣ እንደ ክር ሲሆኑ ሰዓት በሰዓት ተከታተለ። ምቹ ሁኔታ ሲያጡ ደግሞ በውስጣቸው የሚያንጸባርቁ ድቡልቡል ነገሮች ሲሠሩ አየ። እነዚህ ስፖሮች ናቸው። ድርቀት አይገድላቸውም፣ አፈር ውስጥም ዓመታት ይቆያሉ። ገበሬዎች አንዳንድ የግጦሽ መሬት ለምን በየዓመቱ ከብት እንደሚገድል የማያውቁት እንቆቅልሽ በዚህ ተፈታ።

በአገራችን ገጠርም አባ ሰንጋ እንግዳ አይደለም። ሞቶ የተገኘ ከብት መብላት ለእኛ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በአባ ሰንጋ የሞተን ከብት ግን ከመብላትም አልፎ ቆዳውን መግፈፍና ሥጋውን መክፈት ራሱ አደገኛ ነው። ስፖሩ የሚፈጠረው ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ነውና። ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ይህን ማስረዳት የምንችለው እኛው ተማሪዎቹ ነን።

ኮክ ውጤቱን ወዲያው ወደ ጋዜጣ አልወሰደም። በ1876 በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ለዕፅዋት ሊቁ ፈርዲናንድ ኮን ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዚያም ማይክሮስኮፑንና አይጦቹን ይዞ ሄደ። ስሙን ማንም የማያውቀው የገጠር ሐኪም በፕሮፌሰሮች ፊት ለሦስት ቀን ሙከራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግሞ አሳየ። እመኑኝ አላለም፤ ራሳቸው እንዲያዩ አደረገ። ኮን አመነ፣ ጽሑፉንም በዚያው ዓመት በሚያዘጋጀው መጽሔት አወጣለት። በዚያን ጊዜ ኮክ 32 ዓመቱ ነበር።

በ1877 ደግሞ ባክቴሪያን በፎቶግራፍ የማንሳት ዘዴውን አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ ያዩትን በእጃቸው ነበር የሚስሉት። እጅ ደግሞ ዓይን ያየውን ብቻ ሳይሆን ልብ የፈለገውንም ይስላል። ፎቶግራፍ ግን ለሌላው ሰውም እኩል ይታያል።

ድንች፣ ጄላቲንና አጋር

በ1880 ኮክ በርሊን ወደሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ተጠራ። በዚያም ፍሪድሪክ ሌፍለርና ጌኦርግ ጋፍኪን የመሳሰሉ ረዳቶች አገኘ። ትልቁ ችግራቸው ዛሬ እኛን የሚያስቸግረን ራሱ ነበር፦ መቀላቀል። በፈሳሽ ሾርባ ውስጥ ያደገ ባክቴሪያ ሁሉ ተደበላልቆ ነው የሚገኘው፤ አንዱን ዓይነት ከሌላው መለየት አይቻልም።

ኮክ በተቆረጠ የተቀቀለ ድንች ላይ ያረፉ ጀርሞች እየተለያዩ ባለቀለም ነጠብጣብ ሆነው እንደሚያድጉ አስተዋለ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ቤተሰብ ነው። ጠጣር ነገር ላይ ካደጉ አይደበላለቁም ማለት ነው። ሁሉም ባክቴሪያ ግን ድንች አይወድም። ስለዚህ ሾርባውን በጄላቲን አጠጥሮ መስታወት ላይ አፈሰሰው። ይህም ጉድለት ነበረበት፤ ጄላቲን በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፣ አንዳንድ ባክቴሪያም ያሟሟዋል።

መፍትሔው ከወጥ ቤት መጣ። በኮክ ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው የዋልተር ሄስ ባለቤት ፋኒ ሄስ በሙቀት የማይቀልጥ ማርማላታ ትሠራ ነበር። የምታጠጥርበት ከባሕር አረም የሚወጣው አጋር ሲሆን፣ እሱንም የተማረችው ጃቫ ከኖረች ጎረቤቷ ነው። ለባሏ ይህን ሞክሩት አለች። አጋር አንዴ ከረጋ በኋላ በ37 ዲግሪ አይቀልጥም፣ አብዛኛው ባክቴሪያም አይበላውም። በ1887 ደግሞ ከኮክ ረዳቶች አንዱ ዩልዩስ ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለውን ዝርግ የመስታወት ሳህን ሠራ። ስሙን በየሳምንቱ እንጠራዋለን፤ የፋኒን ስም ግን በሌክቸር የሰማን ስንቶቻችን ነን? አጋሯ በየፔትሪ ዲሹ ውስጥ አለ።

ሉፑን አግለን አራት ጊዜ የምንጭረውም ለዚሁ ነው። በየዙሩ ባክቴሪያው እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ነጠላ ሕዋስ ብቻዋን ታርፋለች፤ ከእሷም አንድ ኮሎኒ ይወጣል። በየዙሩ መካከል ሉፑን ካላገልን የመጨረሻውም ዙር እንደ መጀመሪያው የተጨናነቀ ይሆናል። ሳይቀዘቅዝ ከነካን ደግሞ ባክቴሪያውን እንገድለዋለን። አሰልቺ የሚመስለን ደንብ ሁሉ ምክንያት አለው።

ማርች 24 ቀን 1882

በዚያን ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከሚሞቱት ሰዎች ከሰባቱ አንዱን የሚገድለው የሳንባ ነቀርሳ ነው ይባል ነበር። ብዙዎች በዘር የሚተላለፍ የደካማ ሰውነት በሽታ ያደርጉት ነበር። ኮክ ጀርም መሆን አለበት ብሎ ተነሣ።

ይህ ባክቴሪያ ግን እንደ አባ ሰንጋው አይደለም። በጣም ትንሽ ነው፣ ቀለም አይቀበልም፣ ሲያድግም ዝግተኛ ነው። የሴል ግድግዳው ሰም መሰል ቅባት ስላለው ተራ ቀለም አይገባበትም። ኮክ ሜቲሊን ብሉን ከአልካላይ ጋር አዋሕዶ ረጅም ጊዜ ነክሮ፣ ከዚያ ቡናማ ቀለም ሲጨምርበት በቡናማው ሕብረ ሕዋስ መካከል ቀጫጭን ሰማያዊ ዱላዎች ብቅ አሉ። ከዚያ በኋላ ፓውል ኤርሊሽ፣ ቀጥሎም ሲልና ኔልሰን ዘዴውን አሻሻሉት። በላብራቶሪ የምንማረው፣ በየጤና ጣቢያውም የአክታ ምርመራ የሚሠራበት የሲል ኔልሰን አቀላለም ከዚህ የመጣ ነው።

በሚዲያ ላይ ማሳደጉ ደግሞ የትዕግሥት ፈተና ነበር። ለሌላው ባክቴሪያ የሚበቃው አንድና ሁለት ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፤ በሙቀት በረጋው የደም ሴረም ላይ ምንም አይታይም። ሌላ ሰው ቢሆን አላደገም ብሎ ይጥለው ነበር። ኮክ ጠበቀ። በሁለተኛው ሳምንት ደቃቅ ደረቅ ኮሎኒዎች ታዩ። እነሱን ደጋግሞ አሳድጎ፣ ወደ ጊኒ ፒጎች አስገብቶ፣ በሽታውን አይቶ፣ ከእነሱም ያንኑ ባክቴሪያ መልሶ አወጣ።

ማርች 24 ቀን 1882 ማታ በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ፊት ቀርቦ ሁሉንም በዝግታ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ አልነበረም ይላሉ። ነገር ግን ማይክሮስኮፖቹንና ናሙናዎቹን በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ስለነበር፣ ሲጨርስ የሚከራከር ሰው አልተገኘም። ተሰብሳቢዎቹ ተነሥተው በየማይክሮስኮፑ ማየት ጀመሩ። ያ ቀን ዛሬ የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

የኮክ ሕግጋት ብለን ለፈተና የምናጠናቸው ከዚህ ሥራ የወጡ ናቸው፦ ጀርሙ በበሽተኛው ሁሉ መገኘት አለበት፤ ተለይቶ ለብቻው ማደግ አለበት፤ ጤነኛ እንስሳ ውስጥ ሲገባ ያንኑ በሽታ ማምጣት አለበት፤ ከዚያም ተመልሶ መገኘት አለበት። ሁሉም በሽታ እነዚህን አያሟላም። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ሃንሰን በ1873 አይቶታል፤ እስካሁን ግን በሰው ሠራሽ ሚዲያ አላደገም። ቫይረስም ያለ ሕያው ሕዋስ አይራባም። የሕግጋቱ ፍሬ ነገር ግን አላረጀም፤ ሳላረጋግጥ አልልም ማለት ነው።

እስክንድርያና ካልካታ

በ1883 በግብፅ ኮሌራ ገባ። ኮሌራ በዚያ መቶ ዘመን ሙስሊሞችን በእጅጉ የጎዳ በሽታ ነው፤ በ1865 በሐጅ ወቅት መካ ላይ ብዙ ሑጃጆችን ፈጅቶ፣ ከተመላሾች ጋር ወደ ብዙ አገር ተሠራጭቷል። ኮክ የጀርመንን ቡድን መርቶ በኦገስት እስክንድርያ ደረሰ። የፈረንሳይ ቡድንም እዚያው ነበር። ከፈረንሳዮቹ አንዱ፣ ወጣቱ ሉዊ ቱዪዬ፣ በዚያው በኮሌራ ታሞ ሞተ። አገሮቻቸው ባላንጣ ቢሆኑም ኮክና ባልደረቦቹ በቀብሩ ተገኝተው አስከሬኑን ተሸከሙ።

ኮክ በኮሌራ በሞቱ ሰዎች አንጀት ግድግዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ደጋግሞ አየ። ሆኖም ይህ ነው መንስኤው ብሎ አላወጀም። ወረርሽኙ እየበረደ ስለነበር በቂ ማስረጃ አልነበረውም። በዚህ ፋንታ መንግሥቱን አስፈቅዶ ኮሌራ ወደማይጠፋባት ካልካታ ሄደ። እዚያ በ1884 መጀመሪያ እንደ ኮማ የጎበጠውን ባክቴሪያ ለይቶ አሳደገው፤ ሰዎች ለመጠጥ፣ ለመታጠቢያና ለልብስ ማጠቢያ በሚጠቀሙበት ኩሬ ውኃ ውስጥም አገኘው። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ ይህንኑ ባክቴሪያ በ1854 አይቶ ጽፎ ነበር፤ የሰማው ሰው ግን አልነበረም።

እንስሳት ኮሌራን አልያዝ ስላሉት ከራሱ ሕግጋት አንዱ ሳይሟላለት ቀርቷል። ይህን አልደበቀም። ቢሆንም ጉዳዩ ውኃ መሆኑ ግልጽ ነበር። በ1892 ሐምቡርግ ውስጥ ኮሌራ ከ8,000 በላይ ሰው ሲገድል፣ ጎረቤቷ አልቶና ብዙም አልተጎዳችም። ሐምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውኃ ሳታጣራ ነበር የምትጠጣው፤ አልቶና ግን በአሸዋ ታጣራ ነበር።

የ1890 ስህተት

እስከዚህ ያለው የሚያኮራ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ብንዘለው ታሪኩን ገልብጠን እንደመጻፍ ይሆንብናል።

ኮክ በ1885 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የሃይጂን ፕሮፌሰር ሆነ። ከየአገሩ ተማሪ መጣለት፤ ከጃፓን የመጣው ኪታሳቶ በ1889 የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ ለይቶ አሳደገ። በሌላ በኩል የፓስተር ዝና እያየለ ነበር። በ1885 የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ በ1888 በፓሪስ ስሙን የያዘ ተቋም። ጀርመኖችም ከኮክ እኩል የሆነ ነገር ይጠብቁ ነበር፤ ከበላይም ግፊት ነበረበት።

በኦገስት 1890 በርሊን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ እድገት የሚገታ ነገር አገኘሁ ብሎ ተናገረ። በኖቬምበር በሰው ላይ ስለመሞከሩ ጻፈ። ቱበርኩሊን የተባለው ይህ መድኃኒት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ግን አልገለጸም። ሌሎች ደግመው እንዳይሞክሩት፣ እንዳያረጋግጡት ምስጢር አደረገው። ብሬስላው ድረስ አይጥ ተሸክሞ ሄዶ ራሳችሁ እዩ ያለው ሰው፣ አሁን እመኑኝ አለ።

በሽተኞች ከመላው አውሮፓ ወደ በርሊን ጎረፉ። የመጨረሻ ተስፋቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች ሆቴሉንና ሆስፒታሉን ሞሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ እውነቱ ወጣ። ብዙዎቹ አልተሻላቸውም፤ የባሰባቸውና የሞቱም ነበሩ። ዕውቁ የፓቶሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኮ የሞቱትን ሰዎች አስከሬን መርምሮ፣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ በሰውነት ውስጥ እንዲሠራጭ ያደረገበት ሁኔታ እንዳለ አሳየ። በጃንዋሪ 1891 ኮክ ምስጢሩን ሲገልጽ፣ መድኃኒት የተባለው ከቲቢ ባክቴሪያ በግሊሰሪን የወጣ ጭማቂ ሆኖ ተገኘ።

ኮክ አጭበርባሪ ነበር አንልም። መድኃኒቱን በራሱ ሰውነት ላይ ወግቶ በብርቱ ታሟል። ያመነበትን ነበር የተናገረው። ነገር ግን ማመን ከማረጋገጥ ቀደመበት። ውጤቱ እንዲሆን የሚፈልገውን እንደሆነ አድርጎ ተናገረ። ይህ ስህተት በእኛ ሪፖርት ላይ ሲሠራ የሚጎዳው ማርክ ነው፤ በሐኪም እጅ ሲሠራ ግን ሰው ይሞታል። ልዩነቱ የመጠን እንጂ የዓይነት አይደለም።

አላህ ከስህተትም ጥቅም ያወጣል። ቱበርኩሊን አያድንም፤ ነገር ግን ባክቴሪያው የገባበትን ሰው ቆዳ ያሳብጣል። በ1907 ፒርኬ፣ በ1908 ማንቱ ይህን ወደ ምርመራ ቀየሩት። የማንቱ ምርመራ ዛሬም ይሠራል።

በአፍሪካ

በ1891 በርሊን ውስጥ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ተከፈተለት። ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት በጉዞ አሳለፈ።

ከጉዞዎቹ አንዱ እኛን ይነካል። በአገራችን የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ፣ ሪንደርፔስት፣ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች ገብቶ ከ1888 ጀምሮ አብዛኛውን ከብት ፈጀ። በሬ አልቆ እርሻ ቆመ፤ አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ረኀብ መጣ። በሽታው ወደ ደቡብ ወርዶ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ኮክ ተጠርቶ በኪምበርሊ ሠራ፤ በበሽታው ከሞተ ከብት ሐሞት ወስዶ ጤነኛውን መውጋት በሽታውን የመከላከል አቅም እንደሚሰጥ አሳየ። ፍጹም ዘዴ አልነበረም፣ ሌሎችም አሻሻሉት። በ2011 ሪንደርፔስት ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

በ1905 ስለ ቲቢ ምርምሩ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1906 እና በ1907 ግን በቪክቶሪያ ሐይቅ ሴሴ ደሴቶች የእንቅልፍ በሽታን ሲመራመር፣ አቶክሲል የተባለ አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ሰጠ። ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ጠፋ። እነዚያ አፍሪካውያን በቅኝ ገዥዎች እጅ ነበሩና እምቢ ለማለት ዕድላቸው ጠባብ ነበር። ከ1890 የተማረውን ሁሉ እዚያ አስታውሶታል ማለት ይከብደናል።

ሜይ 27 ቀን 1910 በባደን ባደን ከተማ በልብ ሕመም ሞተ። 66 ዓመቱ ነበር።

ወደ ጠረጴዛችን ስንመለስ

የዚህን ሰው ሕይወት ስናጠና ያገኘነው አንድ ነገር ነው። ኮክ ታላቅ የሆነው ያየውን ብቻ ሲናገር፣ ሌላው ሰው እንዲያይ በር ሲከፍትና ለመጠበቅ ሲታገሥ ነው። የወደቀውም ያንን ደንብ ሲተው ነው። ያው ሰው፣ ያው ዕውቀት፣ ያው ማይክሮስኮፕ ነበር።

ስለዚህ ወደ ሻጋታው ፔትሪ ዲሽ እንመለስ። ሻጋታ የወጣበት ሳህን ውጤት የለውም ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ሻጋታ ነው። ሪፖርቱ ላይ የዘራንበትን ቀን፣ የሚዲያውን ዓይነት፣ ያስቀመጥንበትን ሙቀትና የቆየበትን ሰዓት እንጻፍ። የታየውን ኮሎኒ ቀለም፣ ቅርጽና ጠርዝ እንግለጽ። ከዚያ ምን ሊሆን እንደሚችል እንመርምር፦ ክዳኑን ብዙ ከፍተን ቆይተናል? ሉፑ በደንብ አልጋለም? ሚዲያው ከመጀመሪያውም ተበክሎ ነበር? ያልተዘራበት ኮንትሮል ሳህን ካለ ይህን ይነግረናል። በግራም ስቴይን ሐምራዊ መሆን የነበረበት ቀይ ከሆነብን አልኮሉን አብዝተን፣ ወይም ካልቸሩ አርጅቶብን ይሆናል። ይህን የሚጽፍ ተማሪ የጎረቤቱን ቆንጆ ሳህን ከገለበጠው በላይ ተምሯል። ማርኩ ቢቀንስ እንኳ የቀነሰው ማርክ ነው፤ አማናው አልቀነሰም።

ነገ ከመካከላችን አንዱ የላብራቶሪ ባለሙያ ይሆናል። የአንዲት እናት አክታ በስላይድ ይቀርብለታል። ቀኑ መሽቷል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ሌላ ሰላሳ ስላይድ ይጠብቀዋል። ሳያይ ኔጌቲቭ ብሎ ቢጽፍ የሚያውቅበት ሰው የለም። እናትየው ግን ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ከልጆቿ ጋር በአንድ ክፍል ትተኛለች። በዚያች ምሽት ትክክለኛውን ነገር የሚያደርገው ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የለመደው ልማድ ነው። ማንም ባያይ አላህ እንደሚያይ የምናምን ሰዎች ነን፤ ይህ እምነታችን ከሰላት ሰጋጃ ላይ ተነሥቶ ላብራቶሪ ድረስ አብሮን ካልገባ ጎደሎ ነው።

በዚህ ትምህርት የተቸገራችሁ ካላችሁ ከጀመዓችን የከፍተኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠይቁ፤ ስላይድ አዘገጃጀትም ሆነ የአቀላለም ቅደም ተከተል ያሳዩዋችኋል። የተማረ ላልተማረ ማሳየቱ ሶደቃ ነው። አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፣ በምናውቀውም እውነተኞች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።